በሳቅ የተጠቀለለ ጦርነት

የወረራ ጦርነት የሚያሰናዱ ገዥ መደቦች ከጥይቱ አስቀድመው የሚያዘጋጁት አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ቀልድ ነው። የሞቱን ዋጋ ነግረው ሊያዘምቱት የማይችሉትን ድኻ እያሳቁ ያዘምቱታል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረችበት ወቅት ለወታደሮቿ የተሠሩት አስቂኝ ፖስት ካርዶች ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ናቸው።

ካርዶቹን የሣለው ኤንሪኮ ደ ሴታ ይባላል። በአንደኛው ካርድ ላይ አንድ ወታደር ፖስታ ቤት ቀርቦ፣ ጥቁር ሴት እንደ ጥቅል ዕቃ ለወዳጁ ማስታወሻ ልኬ ልላክለት ይላል። በሌላው ደግሞ ወታደሩ ተባይ በሚገደልበት የፍሊት መርጫ ጥቁር አርበኞችን እንደ ትንኝ ሲረጭ ይታያል። ካርዱ ወደ መንደሩ ሲላክ፣ እቤት የቀረው ወንድም ጦርነቱን እንደ ሽርሽር ይመለከተዋል፤ ለመዝመትም ልቡ ይነሣሣል።

ለመሆኑ መርጫው የደበቀው ምን ነበር? ኢጣሊያ በ1917 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ነበር። ነገር ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ በሕዝባችን ላይ አዘነበች። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው ወይብ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ገናሌ ይወርዳል፤ በዚያው በገናሌ ዳር፣ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበ። የባሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርድም በደቡብ ግንባር ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን ስለመጠቀሙ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

ቀልዱ የራሱን ወታደርም አታሏል። ጥቁር ሴት እንደ ማስታወሻ ዕቃ የተሣለችለት ሥራ አጥ ወዛደርና መሬት የለሽ ገበሬ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል የሚል ሕግ ወጣበት። ካርዱ የሰጠውን ተስፋ ሕጉ ነጠቀው።

የሌላውን ጉድ ስናጋልጥ የራሳችንን መሸፈን አይገባንም። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅና የሲያድ ባሬ ጦር ወደ ባሌ ቆላ ሲገባ፣ አደጋው ከደጁ ስለነበረ ብዙው የደጋ ሰው የጥሪውን ምክንያት ለመረዳት ሥዕል አላስፈለገውም። ያን ጊዜም ቢሆን ሳይወድ የተወሰደ አልጠፋም። በ1975 ዓ.ም. ግን ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት የሚያስገድደው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ጦርነቱ እየረዘመ፣ ምክንያቱም ለሕዝቡ እየራቀ ሲሄድ፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተጣለ፤ ወጣቱ ከገበያና ከመንገድ ላይ ታፈሰ። «አፈሳ» የሚለው ቃል ከእናቶች አንደበት ያልጠፋው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ልንገነዘበው የሚገባን ይህን ነው። ምክንያቱ ግልጽ የሆነ ጥሪ እውነቱን ተናግሮ ሰው ያገኛል፤ ምክንያቱን የሚደብቅ ግን ወይ ያሥቃል ወይ ያፍሳል። አንዱ ሲያልቅበት ወደ ሌላው ይዞራል።

ዛሬ ፖስት ካርዱን በየስልኩ የሚዘዋወር ሥዕልና ፌዝ ተክቶታል፤ ወገንን በተባይ መስሎ የሚያሥቀው እጅ ግን ያው ነው። የሮቤና የጎባ ነዋሪዎች፣ በየቀበሌው የምትሰበሰቡ፣ በየሥራው ቦታ ያላችሁ ሠራተኞች! ለጦርነት የሚያሥቅ ሥዕል ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን ሣለው? ማን ይዘምታል? ማን ይቀበራል? መልሱን ሳታገኙ ሥዕሉን ለልጆቻችሁ አታስተላልፉ።