ለቅጣት የተሰጠ ድምፅ

በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አጠገብ ወጣቶች ስለ ምርጫ ሲከራከሩ ሰማን። አንደኛው፣ «ገዢውን ለመቅጣት ከሆነ ድምፄን ለማንም እሰጣለሁ» አለ።

ይህ አሳብ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ከምክር ቤቱ 138 መቀመጫዎች 137ቱን፣ አራት ፓርቲዎች ላቆሙትና ዓመት እንኳ ላልሞላው ለቅንጅት ሰጠ። ቅንጅትን ወዶ ነውን ወይስ ኢሕአዴግን ጠልቶ? ሁለቱም እንደ ነበረበት እናምናለን። ቁጣውን አንነቅፍም፤ በምርጫ ወረቀት የተገለጠ ቁጣ ሕጋዊ ነውና። የሚያሳዝነን የተከተለው ነው። ደም ፈሰሰ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ቅንጅትም ከተማውን ሳይረከብ ቀረ። በ1998 ዓ.ም. ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። የመራጩን ውሃና መንገድ እርሱ ያልመረጣቸው ሰዎች አስተዳደሩ።

ወጣቱን፣ «የመረጥኸው ቢያሸንፍ በማግሥቱ ሥራውን የሚረከበው ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። ስሙን አያውቅም ነበር።