ከቁልቢ መልስ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወስደው መንገድ በምእመን ይጥለቀለቃል። ስለቱ የደረሰለት ጃንጥላውንና ሻማውን ይዞ ይወጣል፤ ብዙ ወላጆችም ልጃቸውን እዚያው ክርስትና ያስነሣሉ። ሕፃኑ ማዕተብ ታስሮለት፣ ስመ ክርስትና ተሰጥቶት፣ ክርስትና አባቱ ተቀብሎት ይወርዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። «ተቀበልሁ» ያለው ሰው ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ያውቀው ይሆን?

ይህ ጥያቄ የሚጠነክረው እንደ ጀልዴሳ ባለ ቦታ ነው። ጀልዴሳ የዘይላ ግመሎች ጭነታቸውን የሚያራግፉባት፣ ወደ ሐረር የሚወጣው ዕቃ በአህያና በበቅሎ የሚጫንባት የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ትቷት ሄደ። ነዋሪዋ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እዚያ ተመድቦ የሚሄድ ክርስቲያን መምህር ወይም ነርስ ጎረቤቱ ቡና ጠርቶ ያጫውተዋል፤ ስለ ነፍሱ የሚጠይቀው ግን ማን ነው?

አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት የጀመሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ በአክሱም የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች ፈልገው የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ አበረታተዋል፤ ጵጵስና ወደ ሾማቸው ወደ እስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በዓላቸው ሐምሌ 26 ነው፤ ከቁልቢ ንግሥ ልክ በሳምንቱ።

የወንጌላውያኑ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሚሲዮናውያኑ በሐረርጌ ደደር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የነበራቸው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባሎቿ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው እየተማሩና እየጸለዩ ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ 34 ሺህ ደርሰው ነበር። አዳራሽም የድምፅ ማጉያም አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ሰው ግን በስም የሚጠራው፣ ሲቀር «ምነው ቀረህ?» የሚለው ነበረው።

ለኦርቶዶክሳዊው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ንስሐ አባት አለው። ችግሩ ይህ አባትነት በብዙ ቤት በዓመት አንዴ ጠበል ረጭቶ እስከ መሄድ መጥበቡ ነው። ሰው ከአጥቢያው ሲርቅ ደግሞ ጭራሽ ይቋረጣል። ሙስሊሙን ጎረቤት ስለ መስበክ እያወራሁ አይደለም፤ የራስን ልጅ ስላለመርሳት ነው።

ስለዚህ የድሬዳዋ አጥቢያዎች ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣውን ልጃቸውን ስምና ስልክ መዝግበው ይያዙ። ንስሐ አባቱ በጾም መግቢያ ይደውሉለት፤ «ልጄ፣ ጸሎት እንዴት ይዞሃል? የተቀየምኸው ሰው አለ?» ይበሉት። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ሁለት ሦስት ወጣቶች መርጦ፣ መጽሐፍ አስይዞ፣ ጀልዴሳ ድረስ ይላካቸው። የመኪናውን ወጪ ከስለቱ ገንዘብ ላይ መሸፈን ይቻላል።