ባልና ሚስት በመንገድ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ስለ መንገድ ልንናገር አሰብን። ይኸውም ባልና ሚስት ጓዛቸውን በጀርባቸው አንግበው ሕዝብ በሚተራመስበት ከተማ በእግር ሲጓዙ ስለሚያገኛቸው ነገር ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድማችን ባለፈው ዓመት አግብቶ ከሙሽራይቱ ጋራ የታይላንድ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ባንኮክ ሄዶ ነበር። የሄዱትም የዛሬ ወጣቶች እንደሚያደርጉት እያንዳንዳቸው አንዳንድ የጀርባ ቦርሳ ተሸክመው ነው። በሦስተኛው ቀን ቻቱቻክ ወደሚባለው ገበያ ገቡ። ይህ ገበያ ቅዳሜና እሑድ የሚደምቅ፥ ከ10000 በላይ ሱቆች ያሉበት ነው። በዚያ ሕዝብ መካከል ሁለቱ ተጠፋፉ። ብዙ ሰዓት ሲፈላለጉ ቆይተው በተገናኙ ጊዜ በደስታ ፈንታ ጠብ ሆነ። አገራቸውም ከገቡ በኋላ ሙሽራይቱ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወንድማችንም «ተከተዪኝ ብላት ወደ ኋላ እየቀረች አስቸገረችኝ» ሲል ነገሩን አጫወተን።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የባልና የሚስት ክርክር በየዕለቱ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ነን። የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ እንደማይገባም እናውቃለን። ሆኖም የገዛ ወንድማችን ነገር ስለ ሆነብን ይህን ረስተን፥ ለሙሽራይቱ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፍን። እንደ ልማዳችንም ከመላካችን በፊት ለባለቤታችን አነበብንላት። እርሷም እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ «ቃሉስ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ቦርሳ አንግበው ገበያ ለገበያ ዞረው ያውቃሉን?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አጣን።

ስለዚህ ሁለቱን ቦርሳዎች ከወንድማችን ተውሰን፥ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ካለው ቤታችን ተነሥተን እስከ መርካቶ በእግራችን ለመሄድ ቈረጥን። መርካቶ አጠገብ ለሚኖሩት አክስታችን የምናደርሰው ጋቢ፥ በሶና ሽሮ ነበረ። ጋቢዎቹን በእኛ ቦርሳ፥ በሶውንና ሽሮውን በባለቤታችን ቦርሳ አደረግን። የእኛ ቦርሳ እንደ ተራራ አብጦ ስለ ታየ፥ ከባዱን ሸክም ለራሳችን የወሰድን መስሎን ደስ አለን። ገንዘባችንንና ስልካችንንም ሌባ እንዳይነካብን ብለን በእርሷ ቦርሳ ውስጥ ሸሸግነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርዳም ተራራ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ሥፍራውን ወደዱት፥ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። የከተማይቱ መነሻ የባልና የሚስት ቤት ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በባሕር ዛፉ መካከል ለብዙ ዘመን በዚህ መንገድ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ይወርዱ የነበሩትን ሴቶች አሰብን። ሸክማቸው ሠላሳና አርባ ኪሎ ይሆን ነበር። ባገኘናቸው ቍጥር «አይዟችሁ» እያልን አልፈናል፤ በገዛ ቤታችን ያለውን ሸክም ግን መዝነን አናውቅም ነበር።

በሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች አጠገብ አልፈን፥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት ወደ ቆመበት ወደ ስድስት ኪሎ ደረስን። እኛ እንደ አባቶቻችን ልማድ ከፊት፥ ባለቤታችን ከኋላ ነበርን። በዚያ «ጥቂት እንረፍ» ብትለን «የቀረው ጥቂት ነው» አልን። ያልነውም ሐሰት ነበረ። ከዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስና በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል ወደ መርካቶ ወረድን።

ቀድሞ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ፥ በአራዳ ነበረ። ዛሬ ወዳለበት ወደ ምዕራብ የተዛወረው ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከቋንቋቸው የቀረ ነው። ገበያው ሸማ ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ፥ በርበሬ በረንዳ እየተባለ በየዕቃው ዓይነት የተከፈለ ስለ ሆነ፥ ለሚያውቀው ሰው እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ የተደራጀ ነው። ለማያውቀው ግን ባሕር ነው።

ከሸማ ተራ ስንደርስ ጣቃ የተሸከሙ ወዛደሮች በመካከላችን አለፉ። ዞር ብንል ባለቤታችን የለችም። ስልኩ ከእርሷ ዘንድ፥ ገንዘቡም ከእርሷ ዘንድ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አንዋር መስጊድ ተመላለስን። በመጀመሪያ ፈራን፤ ቀጥሎ ተቈጣን፤ የምንናገራትን የተግሣጽ ቃልም አዘጋጀን። ይህም ቃል ለሙሽራይቱ ከጻፍነው ደብዳቤ ጋራ አንድ ዓይነት መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልነውም።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ነጋዴ ስልኩን ሰጠን። የባለቤታችንን ቍጥር በቃላችን አለማወቃችን አሳፈረን። የራሳችንን ቍጥር ግን እናውቅ ነበርና በእርሷ ቦርሳ ወዳለው ስልካችን ደወልን። እርሷም «ከተለያየንበት ሥፍራ አንድ እርምጃ እንኳ አልተንቀሳቀስሁም» አለችን። ብንሄድ አንዲት የሸማ ነጋዴ ዱካ ሰጥታት ተቀምጣለች። እኛም በቍጣ እጃችንን ዘርግተን ቦርሳዋን ብናነሣ፥ ክንዳችን ወደ ምድር ተሳበ። ያዘጋጀነው ተግሣጽ በአፋችን ቀረ። ከአክስታችን ቤት ደርሰን በሚዛን ብናየው የእኛ 6 ኪሎ፥ የእርሷ 14 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ባለቤታችን ግን «ደብዳቤውን ልከውታልን?» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚህ የተማርነውን ለአንባብያን እናካፍላለን። በጉዞ የሠለጠኑ ሰዎች ሸክም ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ መሆኑ ነው። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ አጠገብ ይቀመጣል፥ ክብደቱም በትከሻ ብቻ ሳይሆን በወገብ መታጠቂያው እንዲያርፍ ይደረጋል። ሸክም በሚዛን እንጂ በዐይን አይከፈልም። ገንዘብና ስልክ በአንድ ቦርሳ አይከተትም። ሁለቱም የሚያውቁት የመገናኛ ሥፍራ ገበያ ሳይገባ አስቀድሞ ይወሰናል፤ በቻቱቻክ መካከል ረጅም የሰዓት ግንብ እንዳለ ወንድማችን ራሱ ነግሮናል፥ ነገር ግን «ብንጠፋፋ ከዚያ እንገናኝ» ያለ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ከፊት የሚሄደው ወደ ኋላ ይመልከት፤ የመንገዱ ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ሳይሆን በደከመው እግር ነውና።

የተግሣጹን ደብዳቤ ቀደድነው። ለወንድማችን ግን ሌላ አጭር ደብዳቤ ጻፍን፤ በውስጡም «የሚስትህ ቦርሳ ስንት ኪሎ ነበረ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረበት። እርሱም መልሱን ስላላወቀ ሊጠይቃት ወደ እናቷ ቤት ሄደ። ሙሽራይቱ እስከ ዛሬ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ነገር ግን ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ተቀምጠው እንደ ተነጋገሩ፥ በሄደም ጊዜ እስከ ደጅ እንደ ሸኘችው ሰምተናል።

እናንተም ባሎች ሆይ፥ መንገድ ሳትወጡ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለውን ሸክም አንድ ጊዜ አንሥታችሁ እዩት።