መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በቢርካው ዳር ይመዘን

ከጅግጅጋ ወጥቶ ወደ ሐርተሼክና ወደ ሐርሺን የሚጓዝ ሰው በሰፊው ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተገነባ የውኃ ማጠራቀሚያ ያያል። የአገሩ ሰው ቢርካ ይለዋል። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ተመርቶ ይገባበታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሰውና ከብት ከዚያው ይጠጣሉ። በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ በቀላሉ ስለማይገኝ የአንድ መንደር ኑሮ የሚለካው በቢርካው ውስጥ በቀረው ውኃ ነው። ውኃው ሲያልቅ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቦቴ መጥራት፣ ወይ ከብቱን ነድቶ መሰደድ።

ታዲያ በዘመናችን የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የተማሩ ወጣቶች አንድ መልካም ሐሳብ ይዘው ብቅ ብለዋል። በቢርካው ውስጥ የውኃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ይተከል፤ ሴንሰሩ ከአንዲት ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ጋር ይያያዝ፤ እርስዋም ልኩን ያለ ሽቦ በራዲዮ ሞገድ ወደ ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ታድርስ፤ ጽሕፈት ቤቱም ውኃው ከማለቁ በፊት ቦቴውን ይላክ ይላሉ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሐሳቡ ሳይሆን ስለ መሣሪያው አመራረጥ ነው። የአመራረጡ ስሕተት መልካሙን ሐሳብ ሲገድለው ማየት ያሳዝናልና።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ለዚህ ሥራ የሚገዛው ዕቃ የመለማመጃ ኪት ይባላል። ማይክሮኮንትሮለሯ፣ የራዲዮ ክፍሏ፣ አንቴናዋና ከኮምፒውተር ጋር የምትገናኝበት መሰኪያ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተሰብስበው የሚሸጡበት ማለት ነው። በተማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኘው የቻይናው የኤስፕሬሲፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኢኤስፒ32 የተባለው ነው። ዋይ ፋይና ብሉቱዝ አለው፤ በውጭ አገር ገበያ ዋጋው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው፤ ትምህርቱም በየስፍራው ይገኛል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በዚህ ዋጋ አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው የመለማመጃው ዕቃ እንደ መጨረሻው ዕቃ ሲቆጠር ነው። ግዢ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ የሦስት አራት ኪቶች ዝርዝር ይቀርባል፤ የዚህኛው ፍጥነት ይህን ያህል ነው፣ የዚያኛው ማኅደረ ትውስታ ያን ያህል ነው ተብሎ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አንዱ በጠረጴዛ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ ይለካል፤ ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ብልጭ ሲል ይጨበጨባል። የውኃውን ከፍታ በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚለካ መሣሪያ ግን ፍጥነት ምን ይፈይድለታል? በቅሎን ለጭነት የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ስለ ጀርባዋና ስለ ሰኮናዋ እንጂ ስለ ግልቢያዋ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይጠየቅ? በእኛ አስተያየት አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛው ስለ ኃይል ነው። በቢርካው ዳር የመብራት መስመር የለም፤ መሣሪያው የሚኖረው በባትሪና በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ነው። የኢኤስፒ32 ቺፕ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሲሆን ወደ 10 ማይክሮ አምፔር ብቻ እንደሚወስድ አምራቹ ይገልጻል። በዚህ ሒሳብ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 200,000 ሰዓት፣ ማለት ከ22 ዓመት በላይ ሊያቆየው ነው፤ ባትሪው ራሱ አስቀድሞ ያረጃል። ዳሩ ግን በመለማመጃው ሰሌዳ ላይ ቺፑ ብቻውን አይደለም። የቮልት ማስተካከያው፣ የኮምፒውተር መገናኛውና የምታበራው ትንሽ መብራት ቺፑ ቢተኛም አይተኙም። ሰሌዳው በጠቅላላ 10 ሚሊ አምፔር ቢወስድ ያው ባትሪ 200 ሰዓት፣ ማለት ስምንት ቀን ብቻ ይቆያል። ሃያ ሁለት ዓመትና ስምንት ቀን! ይህ ልዩነት በአምራቹ ወረቀት ላይ አይታይም፤ በጠረጴዛ ላይም አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ይመግበዋልና። የሚታየው ሰሌዳው በተኛበት ሰዓት በአምፔር መለኪያ ሲፈተሽ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንጨምር። የዋይ ፋዩ ራዲዮ መልእክት በሚልክባት ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር በአንድ ጊዜ ይስባል። ባትሪው ደከም ያለ እንደ ሆነ ቮልቱ ይወርድና መሣሪያው ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ለመላክ ይሞክራል፤ እንደገና ይወድቃል። በቢሮ ውስጥ ደኅና ሲሠራ የነበረው ዕቃ በመስክ ላይ ‹‹ተበላሸ›› የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መልእክቱ የት ድረስ ይደርሳል የሚለው ነው። ዋይ ፋይ የቤትና የቢሮ መገናኛ ነው፤ የሚደርሰውም በአሥርና በመቶ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ነው። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይበቃ ይሆናል፤ ከሐርሺን መንደሮች በአንዱ ግን የሚቀበለው የለም። ስለዚህ ሎራ የተባለው፣ ጥቂት ቃል ብቻ የሚልክ ነገር ግን በገላጣ ሜዳ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ራዲዮ፣ ወይም በሞባይል መስመር አጭር መልእክት የሚልክ ክፍል ያስፈልጋል። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚዘረጋው ሜዳ ለሎራ የተመቸ ነው፤ ከካራማራ ተራራ ጀርባ ላለው መንደር ግን ተራራው ግድግዳ ነው። ከዚህ ሌላ የራዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚፈቅደውን ሞገድና መሣሪያ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከገዙ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ መሮጥ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ መሣሪያው እውነት ይናገራል ወይ የሚለው ነው። ርካሹ የውኃ ከፍታ መለኪያ በድምፅ የሚሠራው ነው፤ ከቢርካው ጣሪያ ላይ ሆኖ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውኃውን ነክቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። ነገር ግን የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በ15 ዲግሪ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲሆን በ35 ዲግሪ 352 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ውኃው ከመለኪያው ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ሳለ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ 340 ብሎ ቢያሰላ በሞቃቱ ቀትር አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይሳሳታል። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር በሆነ ቢርካ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ማለት 20,000 ሊትር ውኃ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ነው። አየሩ ሲሞቅ ድምፁ ቶሎ ስለሚመለስ መሣሪያው ውኃው ቅርብ ነው፣ ማለት ብዙ ነው ብሎ ያስባል። በድርቅ ቀን፣ በቀትር፣ የሌለውን ውኃ አለ ይላል! መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ አንድ የሙቀት መለኪያ ከጎኑ ማድረግና ፕሮግራሙን ማረም ነው።

እንዲሁም በገበያ የታወቀው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው መለኪያ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የኢኤስፒ32 እግሮች 3.3 ቮልት የለመዱ ናቸው። ቮልቱን ሳይቀንሱ ማገናኘት ሰሌዳውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ይህን ሁሉ ተማሪው በመለማመጃው ኪት ላይ ተሳስቶ ቢማረው ደስ ይለናል፤ ኪቱ የተሠራው ለዚሁ ነውና። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏል።

አራተኛው ጥያቄ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። አቧራው፣ ፀሐዩ፣ በተከደነ ቢርካ ውስጥ ያለው እርጥበት፣ ገላዋን የምታሻሽ ግመል፣ ሁሉም የመሣሪያው ጠላቶች ናቸው። ዕቃው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደ ጨመረ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የለም። ስለዚህ መለዋወጫው በጅግጅጋ ወይም በድሬዳዋ የሚገኝ፣ ፕሮግራሙ የተከፈተና በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያልተደበቀ፣ መመሪያውም በሶማልኛ የተጻፈ መሣሪያ፣ ከሌላው ይልቅ ቀርፋፋ ቢሆንም ይመረጥ እንላለን።

አምስተኛውና ትልቁ ጥያቄ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ማን ይነሣል የሚለው ነው። ይህን በምሳሌ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኬንያ፣ በኪቱይ አውራጃ ኪዩሶ በተባለ ስፍራ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ ፓምፖች መዘውር ላይ እንቅስቃሴውን እየቆጠረ በሞባይል መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተክለው ነበር። ቀድሞ የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀን ይፈጅ የነበረው ከሦስት ቀን በታች ወረደ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መሣሪያውን ያደንቃል። ነገር ግን መሣሪያው አንድም ብሎን አላጠበቀም። ያጠበቀው መልእክቱን ተቀብሎ መፍቻውን ይዞ የሚነሣ የጥገና ቡድን ተደራጅቶ ስለ ነበረ ነው። መልእክቱ ያለ ቡድኑ ቢመጣ ኖሮ ሃያ ሰባቱ ቀን ሃያ ሰባት ቀን ሆኖ ይቀር ነበር፤ ልዩነቱ የመዘግየቱ ልክ በኮምፒውተር ላይ መታየቱ ብቻ ነው።

በአገራችንም በአፋር ክልል፣ እንዲሁም በሰሜን ኬንያ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ በዩኤስኤይድ ድጋፍ እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች ተተክለው ውኃው መቼ እንደሚሳብና መቼ እንደሚቆም ሲያመለክቱ ነበር። ሥራው ይህ ነገር በቆላው አገር የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። ያ ድርጅት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ከዚህ የምንማረው የማንንም ስም ለማንሣት ሳይሆን አንድ ቁም ነገር ለመያዝ ነው፤ የሲም ካርዱን የወር ሒሳብና የመረጃ ማከማቻውን ኪራይ በበጀቱ ውስጥ ያላስገባ መሥሪያ ቤት መሣሪያውን ተውሶታል እንጂ የራሱ አላደረገውም።

አንዳንድ አንባቢ፣ ‹‹ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የቢርካው ባለቤት ስልክ አለው፤ ውኃው ሲያልቅ ይደውል!›› ይል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም ስልክ ባለበትና ቃሉ በሚታመንበት መንደር ሴንሰር መትከል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን የአንድ ሰው ጥሪና የመቶ መንደር ጥሪ አንድ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት በዚያ ድርቅ ጊዜ ሁሉም መንደር በአንድ ጊዜ ‹‹ውኃ!›› ብሎ ይጮኽ ነበር። ቦቴው ጥቂት፣ ጥሪው ብዙ ሲሆን ማን ይቅደም? ዘመድ ያለው፣ ድምፁ የጎላ፣ ከመንገድ ዳር ያለ ይቀድማል። ሐቀኛ መለኪያ ለዚህ ይረዳል፤ ዝም ያለውን ሩቅ መንደር ዘመድ ካለው እኩል ያደርገዋል። የሴንሰሩ ዋናው ጥቅም ፍጥነቱ ሳይሆን ፍትሑ ነው ብለን የምናምነው ስለዚህ ነው። ሐሰተኛ መለኪያ ደግሞ ከዝምታ የሚብሰው በዚያው ምክንያት ነው፤ ውኃ ያለቀበትን ሰው ልመና ‹‹ማሽኑ አለህ ይላል›› ብሎ ይመልሰዋልና።

ሐርተሼክን የሚያውቅ ሰው ይህ ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል። በ1980 ዓ.ም. ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች የሠፈሩበት የሐርተሼክ ጣቢያ በዓለም ላይ ካሉት የስደተኞች ጣቢያዎች ሁሉ ትልቁ የተባለበት ጊዜ ነበር፤ እስከ ተዘጋበት እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ጥም በቦቴ ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በአንጻሩ የቀብሪ በያህ ከተማ ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች በቧንቧ ውኃ ሲመጣላት ኑሮዋ ተለውጧል። ቧንቧ መዘርጋት በሚቻልበት ስፍራ ቧንቧ ከሴንሰር ይበልጣል። ሴንሰር የውኃ ምንጭ አይደለም፤ የውኃ ዘበኛ ነው።

እንግዲህ ለወጣት ሹማምንትና ለተማሪዎች አንድ ምክር እናቅርብ። ኪት ለመምረጥ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሰበሰቡ የነጥብ መስጫውን ወረቀት ለጊዜው እጠፉት። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ብቻ ግዙ። የአንድን ቢርካ ባለቤት አስፈቅዳችሁ በግድግዳው ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ዋጋው የአንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው፤ ዳኛውም እርሱ ነው። መሣሪያዎቹን ከባትሪያቸው ጋር በዚያ ትታችሁ ሠላሳ ቀን ጠብቁ። የባለቤቱ ልጅ በየጠዋቱና በየቀትሩ በምልክቱ ላይ ያየውን በደብተር ይጻፍ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ደብተሩንና የመጣላችሁን መልእክት አስተያዩ። እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ የቆየ፣ በቀትርም በማለዳም ከልጁ ደብተር ጋር የተስማማ መሣሪያ እርሱን ግዙ። ሁሉም ከወደቁ ደግሞ አትፈሩ፤ የወደቁበትን ምክንያት ጽፋችሁ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች አስተላልፉ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ የውድቀት ወረቀት ከብዙ የጭብጨባ ፎቶግራፍ ይልቅ ለአገር ይጠቅማል።

የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የአካባቢው ሕዝብ ልጆቹን የላከው ተምረው ችግሩን እንዲያቃልሉለት ነው። ልጆቹ ዛሬ ሰሌዳውንና ሽቦውን በእጃቸው ይዘዋል። የቀረው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቢርካው መውረድ ነው።