ጠበቃ የሚጠራው ለቀብር ብቻ ነውን?

እኛ የሕግ ተማሪዎች በተሰበሰብንበት ሁሉ ጨዋታችን አንድ ነው፤ ማን ዳኛ፣ ማን ዐቃቤ ሕግ፣ ማንስ ስመ ጥሩ የወንጀል ጠበቃ ይሆናል እንላለን። የከሰረ ድርጅት መዝገብ ልያዝ ብሎ የተመኘ ጓደኛ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። የኪሳራን ሕግ ለፈተና ያህል አንብበን እንጥለዋለን። ስሕተታችንን የተረዳነው ባለፈው ዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ወርደን በመልካ ጀብዱ የፋብሪካ ሠፈር በተዘዋወርን ጊዜ ነው።

በዚያ ሥራ ከሚያጣድፋቸው ግቢዎች መካከል በሩ የተቆለፈ አንድ ግቢ አየን። ዘበኛውን፣ «አባባ፣ ምን ነካው?» ብንላቸው፣ «መኪናዎቹ ደኅና ናቸው፤ የተበተነው ሰው ነው» አሉን። ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። ዕዳው በጊዜ ቢታይ፣ መክፈያው ቢራዘም፣ ሠራተኛው ይበተን ነበርን?

ነገሩ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አለቀ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሽኩቻም ተጨመረበትና ኩባንያው ከሰረ። ነገር ግን ሐዲዱ ተነቅሎ አልተሸጠም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከተማይቱን ያተረፋት ይህ ነው። በቅርቡም በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ብድር መክፈያ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን መንግሥት አስታውቋል። ለመንግሥት የተፈቀደ ትንፋሽ ለአንድ ፋብሪካ ለምን ይነፈጋል?

ሕግ የለም እንዳንል ሕጉ አለ። የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተቸገረ ድርጅት ከመውደቁ በፊት በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ እንደገና የሚደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የያዘውን መያዣ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛው ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቅደም ይላል። ነገር ግን ንብረቱ ከተሸጠና ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ቅድሚያ አለኝ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እነዚህን ሦስት አዋጆች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በጊዜው የሚያስታርቅ ጠበቃ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ይህ ለዕዳ ሸሺ መሸሸጊያ ነው» ይሉናል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ በባንክ ያለው ገንዘብ የሕዝብ ነው። መዳን የማይችል ድርጅት ይዘጋ፤ አታላይም ይጠየቅ። ዳሩ ግን ታማሚውን ከአስመሳዩ የሚለየው ሒሳብ ማንበብ የሚችል ጠበቃ ነው እንጂ የሐራጅ መዶሻ አይደለም።

ስለዚህ ከእኛ እንጀምር። የሒሳብ መዝገብ አያያዝን እንማር፤ የሕግ ክፍሉም ለተግባር ልምምድ ወደ ወንጀል ችሎት ብቻ ሳይሆን ወደ ንግድ ችሎትና ወደ ፋብሪካ እንዲልከን እንጠይቅ። ጠበቃ ሬሳ ለመገነዝ ብቻ የሚጠራ ከሆነ፣ የመልካ ጀብዱው ዘበኛ ከተቆለፈው በር ላይ ብቻቸውን እንደቆሙ ይቀራሉ።