ቤትና ኑሮ፦ ከጓዙ በፊት ዝርዝሩ ይቅደም

በዚህ እትም የምንወያይበት ርዕስ በመድረክ ላይ ብዙም አይነሣም፤ ብዙ ባልና ሚስትን ግን ሲያስጨንቅ፣ አንዳንዴም ሲያጣላ ይታያል። ይኸውም ቤትን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር መሄድ፣ ወይም ከሌላ አገር ጓዝን ጠቅልሎ መመለስ፣ በመካከሉም የሚጠብቀን የጉምሩክ ወረቀት ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ሽንሌ አለች። ከሽንሌ ተነሥቶ አዲጋላንና አይሻን አልፎ ደወሌ ሲደረስ የአገራችን ወሰን ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ነው። በዚህ በረሃ የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበር። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በመርከብ የሚመጣ የአንድ ቤተሰብ አልጋና ድስት ከማዳበሪያውና ከስንዴው፣ ከብረቱና ከመኪናው ጋር በአንድ ወረፋ ይሰለፋል። በጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ጓዙን ከድሬዳዋ የሚጭነውም፣ እዚያ ዓመታት ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዚሁ በር ያልፋል።

በዚህ በር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ እኛን አያውቀንም። የሚያውቀን በያዝነው ወረቀት ብቻ ነው።

ጉምሩክ የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የጥያቄዎቹ ፍሬ ነገር ግን ብዙ አይለያይም። አንደኛ፣ ዕቃው የማን ነው? ሁለተኛ፣ ስትገለገሉበት የቆያችሁት ነው ወይስ አዲስ ነው? ሦስተኛ፣ እናንተ በእርግጥ መኖሪያ እየለወጣችሁ ነው ወይስ ለጉብኝት እየሄዳችሁ?

ብዙ አገሮች የቤት ዕቃን ከቀረጥ ነጻ የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዕቃው ሰውየውን ተከትሎ መጣ እንጂ ለገበያ አልመጣም። ስለዚህ መከተሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ለምሳሌ አሜሪካ የቤት ዕቃን ያለ ቀረጥ የምታስገባው ባለቤቱ በውጭ አገር ቢያንስ አንድ ዓመት ከተገለገለበትና ለሌላ ሰው ወይም ለሽያጭ ያልታሰበ ከሆነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ሰውየው ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረ፣ ዕቃውንም ቢያንስ 6 ወር የተገለገለበት መሆን አለበት፤ ካስገባ በኋላም ለ12 ወር ሊሸጠው፣ ሊያከራየው ወይም ሊያውሰው አይፈቀድለትም። ወደ ካናዳ ለመኖር የሚሄድ ቤተሰብ በገባበት ዕለት በእጁ የያዘውንና በኋላ የሚመጣለትን ዕቃ በሁለት ዝርዝር ለይቶ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በዚያን ዕለት ያላስመዘገበው ዕቃ ከወራት በኋላ በመርከብ ቢመጣ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስም ጉዳዩ በ2006 ዓ.ም. በወጣውና በ2011 ዓ.ም. በተሻሻለው የጉምሩክ አዋጅ፣ እንዲሁም በሥሩ በሚወጡ መመሪያዎች ይመራል። መመሪያ በየጊዜው ይሻሻላል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት የተመለሰ ጎረቤት የነገራችሁን ይዛችሁ አትጫኑ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን ኤምባሲ ወይም የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ነጻ የማይሆን ዕቃ ቢኖርስ? ቀረጡ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪም ይደመርበታል። ዋጋው 20,000 ብር የሆነ ዕቃ 4,000 ብር ለማጓጓዣና ለኢንሹራንስ ወጣበት እንበል፤ መነሻው 24,000 ብር ይሆናል። የቀረጥ ልኩ 20 በመቶ ከሆነ 4,800 ብር ይጨመራል። ከዚያ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ28,800 ብር ላይ ታስቦ 4,320 ብር ይሆናል። ሌሎቹን ታክሶች ሳንቆጥር እንኳ 9,120 ብር ወጣ ማለት ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላ ባለትዳር አሮጌውን ፍሪጅ ሸጦ መሄድ ይሻል እንደሆነ አስቀድሞ ይወስናል።

ዝርዝሩ እንዴት ይጻፍ?

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይባላል። ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ የሚጻፍ ዝርዝር ግምት እንጂ ዝርዝር አይደለም። ስለዚህ፦

1. ለእያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ስጡት። ዕቃው ሲገባ ጻፉ፤ ከዚያ አሽጉ። አንዳችሁ ስታሽጉ ሌላችሁ ጻፉ።

2. “ልዩ ልዩ ዕቃ” ብላችሁ አትጻፉ። ፈታሹ ካርቶኑን እንዲከፍት የምትጋብዘው ይህች ቃል ናት። “ካርቶን 7፦ ሰሃን 12፣ ድስት 4፣ ጀበና 1፣ ሲኒ 10፣ ሁሉም ያገለገለ” ብሎ መጻፍ ይሻላል።

3. ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሞዴሉንና በጀርባቸው ያለውን መለያ ቁጥር መዝግቡ። ደረሰኝ ካለ አያይዙ።

4. ለእያንዳንዱ ዕቃ አሁን ባለበት ሁኔታ የሚያወጣውን እውነተኛ ግምት ጻፉ። አሳንሶ መጻፍ ቀረጥ የሚቀንስ ይመስላል፤ ዕቃው ቢጠፋ ግን ኢንሹራንሱ የሚከፍላችሁ በጻፋችሁት ልክ ነው።

5. ከሦስት ቅጂ ያላነሰ አዘጋጁ። ዋናው በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን። ወረቀቱን ኮንቴይነሩ ውስጥ አሽጎ የላከ ሰው ኮንቴይነሩን የሚያስከፍትበት ወረቀት አያገኝም።

ከዝርዝሩ ጋር ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ውል ወይም የስንብት ደብዳቤ፣ የመርከቡ ወይም የመኪናው የጭነት ሰነድ ይያያዛሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባለትዳሮች የተለየ ነገር አለ። በአገራችን ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። የውጭ አገር ሠራተኛ ግን በባል ስም በመጣ ጭነት ላይ የሚስትን ስም ሲያይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። ይህን የሚፈታው የጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ሆኖም ጋብቻው በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ተጋብታችሁ የቤተ ክርስቲያኗን ወረቀት ብቻ በፍሬም አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁ፣ ከመንገዱ በፊት ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፤ ወረቀቱን አስተርጉሙ፤ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም አረጋግጡ። ትርጉሙ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን የሚለው በግልጽ ይጻፍ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ለማያውቅ ሰው ስሕተት ወይም ማጭበርበር ይመስለዋል። የስማችሁ የላቲን ፊደል አጻጻፍም በሁሉም ሰነድ ላይ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን።

የአደራው ዕቃ

ብዙውን ጊዜ ቤተሰብን የሚያስቸግረው የራሱ ዕቃ አይደለም። ጓዝ ሊጫን መሆኑ ሲሰማ ዘመድ ይመጣል። አክስት ለልጃቸው አዲስ ጫማና ስልክ ይልካሉ፤ ጓደኛ ሁለት ላፕቶፕ ያመጣል፤ ጉባኤው ደግሞ “ኪቦርዱና ሚክሰሩ ቦታ አይዙም፣ ከእናንተ ዕቃ ጋር ይግቡ” ይላል። ባል በይሉኝታ እሺ ይላል፤ ሚስት ትጨነቃለች፤ ወይም በተቃራኒው ይሆናል። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ማለት ይህ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ቅጹ ላይ ነው። “ይህ ሁሉ የራሴና የቤተሰቤ መገልገያ ነው” ብለን እንፈርማለን። የጉባኤው ሚክሰር የቤተሰብ መገልገያ አይደለም። ለመልካም አገልግሎት መዋሉ ይህን አይለውጠውም። የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ በቤተ ክርስቲያን ስም፣ በራሱ ወረቀት ይግባ። ሽማግሌዎችም አንድን ወጣት ባለትዳር እንዲህ ባለ ፊርማ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ቢያስቡበት መልካም ነው። እርሱ እምቢ ማለት ቢፈራ እንኳ እነርሱ ሊጠይቁት አይገባም ነበርና።

ለዘመድ እንዴት እንደሚመለስም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። “እትዬ፣ ዕቃዎን ብንወስድልዎት ደስ ይለናል። ነገር ግን የምንፈርመው ሁሉም የራሳችን ነው ብለን ነው። የእርስዎን ለብቻው እንጽፈውና ቀረጡ ስንት እንደሚሆን ጠይቀን እንንገርዎት” ቢባል ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይመለሳል። የታሸገ፣ ያልተከፈተ ዕቃ ግን ከማንም ቢሆን አትቀበሉ። በውስጡ ያለው ነገር ቢገኝ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

ከአገር ሲወጣም ሁለት ነገር አስታውሱ። የአያት የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም ሌላ ጥንታዊ ዕቃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የራሳችሁ ውርስ ቢሆንም። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ደግሞ እናት በፍቅር ቢያዘጋጁትም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ማንኛውንም ምግብ፣ በርበሬም ሆነ ሽሮ፣ ማስመዝገብ አለበት። የሚያስቀጣው መያዙ ሳይሆን መደበቁ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያዕቆብ ያላወቀው

በመጽሐፍ ቅዱስ ቤተሰቡን፣ ከብቱንና ጓዙን ጠቅልሎ አገር ሲለውጥ የምናየው ሰው ያዕቆብ ነው (ዘፍጥረት 31)። አማቱ ላባ ተከትሎ ደርሶ ድንኳኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ያዕቆብ እጁ ንጹሕ እንደሆነ ስላመነ የተሰረቀው ጣዖት የተገኘበት ሰው በሕይወት እንዳይኖር በሁሉ ፊት ተናገረ። የሚወዳት ራሔል ግን በግመሉ ኮርቻ ውስጥ ሸሽጋ በላዩ ተቀምጣበት ነበር። ዕቃው አልተገኘም። ያዕቆብ ግን ሳያውቅ በገዛ ሚስቱ ላይ ፈርዶ ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬም በጉምሩክ በር ላይ ይደገማል። ባል ፈርሞ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ ሚስት ካርቶን 15 ውስጥ ያለውን ታውቃለች። ወይም ባል ከደላላ ጋር የተስማማውን ሚስት የምትሰማው ፖሊስ ሲጠይቃት ነው። ቢያልፍም እንኳ በሁለቱ መካከል የገባው ነገር አብሮ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል። ስለዚህ ከፊርማው በፊት ዝርዝሩን ሁለታችሁም አንብቡ፤ “ያልጻፍነው ነገር አለ?” ብላችሁም ተጠያየቁ። በዚያች ሰዓት የሚመጣ እውነት ምንም ቢሆን በቁጣ አይመለስ። ጽፎ መክፈል ወይም አውጥቶ መተው ይቻላልና።

በሩ ላይ ሲደረስ

ትራንዚተር የምታሠሩ ከሆነ ፈቃዱን እዩ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ በባዶ ወረቀት ላይ ግን በፍጹም አትፈርሙ። እርሱ የሚሞላው በእናንተ ስም ነው። የከፈላችሁትን ሁሉ በደረሰኝ ተቀበሉ። “ለሻይ” ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ ሲመጣ፣ ደረሰኝ እንዲቆረጥላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

ኮንቴይነር ወደብ ላይ ያለ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀኖች የተቆጠሩ ናቸው። ካለፉ የመርከብ ድርጅቱም፣ የመጋዘኑም ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። ከመጫኑ በፊት “ስንት ነጻ ቀን አለን?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱም ከዕቃው ቀድሞ ይድረስ።

ዕቃው በቀይ መስመር ተመድቦ ይፈተሽ ቢባል ስድብ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ቀይ ማለት ዕቃው ይታያል፣ ቢጫ ማለት ሰነዱ ይመረመራል፣ አረንጓዴ ማለት ይለፍ ማለት ነው። ዝርዝሩ በቁጥር የተጻፈለት ሰው ፈታሹ “ካርቶን 7ን ክፈት” ሲለው ሰሃን፣ ድስት፣ ጀበናና ሲኒ እንዳለበት ያውቃል። ሁለት ሦስት ካርቶን ተከፍቶ ከወረቀቱ ጋር ከተስማማ ፈታሹም ሌላውን ለመክፈት ምክንያት አይኖረውም።

ለመሄድ ገና ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ቢቀራችሁም በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ደብተር ይዛችሁ በየክፍሉ ዙሩ። የምትወስዱትን፣ የምትሸጡትንና የምትሰጡትን በሦስት ዓምድ ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ረዘም ቢል አትደንግጡ፤ በሰፈራችሁ አዲስ የተጋቡ አይጠፉም፤ ለተሰጠ ምጣድ ደግሞ ቀረጥ አይከፈልም።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ሰንብቱ።