ሒሳብ ከረከቦቱ ይጀምራል፤ ዕቅዱም ወላጅ ዘንድ ይድረስ

ቡና ሊቀርብ ሲል እናት ስድስት ስኒ ደርድራ የአራት ዓመት ልጇን «እንግዶቻችን ስምንት ናቸው፤ ስንት ስኒ ይጨመር?» ብትለው ሒሳብ እያስተማረችው ነው። ሒሳብ የትምህርት ቤትና የእንግሊዝኛ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያምን የሮውሌት ወላጅ ግን ይህን ዕድል ለመምህር ይተወዋል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ግሬግ ደንካንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት፣ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከካናዳ የተሰበሰቡ ስድስት የረጅም ጊዜ መረጃዎችን የመረመረው ጥናት፣ ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ ከተለኩት ችሎታዎች መካከል የኋላ ውጤታቸውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያመለክተው የሒሳብ ችሎታ መሆኑን አሳይቷል።

የሕግ መሠረቱም አለ። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2019 ያጸደቀው የሕግ ረቂቅ ቁጥር 3፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የአራት ዓመት ሕፃናት የሙሉ ቀን ቅድመ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ እንግሊዝኛ የማይናገሩና የማይረዱ ልጆችም በመስፈርቱ ይካተታሉ። ይኸው ሕግ የትምህርት ዲስትሪክቶች የቅድመ ልጅነት ሒሳብ ዕቅድ እንዲያጸድቁ ያስገድዳል። ፕሮግራሙ የቤተሰብ ተሳትፎ ዕቅድም ሊኖረው ይገባል፤ የግዛቱ ደንብም ዕቅዱ ወላጆች የልጆቻቸውን ትምህርት በቤት የሚያጎለብቱበትን መሣሪያ እንዲያስታጥቃቸው ይጠይቃል። የቀረው ሁለቱን ዕቅዶች ማስተሳሰርና ወላጁ በሚገባው ቋንቋ ማድረስ ነው።

የቤት ቋንቋ እንግሊዝኛን ያዘገያል የሚል ስጋት ይነሳል። ይሁን እንጂ የብዛትን ትርጉም በአንድ ቋንቋ የተረዳ ልጅ በሌላው ቋንቋ የሚቀረው ቃሉን መማር ብቻ ነው። እንዲያውም «አሥራ አንድ» የሚለው ቆጠራችን አሥሩንና አንዱን ለይቶ ያሰማል፤ የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ይሰውረዋል። ገበጣና ሰኞ ማክሰኞም ቆጠራን በጨዋታ ያለማምዳሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሮውሌትን አብዛኛውን ክፍል የሚያገለግለው የጋርላንድ የትምህርት ዲስትሪክት በቤተሰብ ተሳትፎ ዕቅዱ ውስጥ ለሒሳብ ግልጽ ቦታ ይስጥ። ሁለተኛ፣ የወላጅ መመሪያዎች በአማርኛ፣ በጽሑፍም በድምፅም ይዘጋጁ። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ለዚሁ ሥራ በጀት ይመድብ።

ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጉባኤ ሲያልፍ ዛሬ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ስድስት ይሞላዋል።